ሙያ በልብ፣ ዕድሜው በተቋም፦ ዝንባሌን ወደ ዓላማ ያለው ሥራ ስለ መለወጥ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለመካነ ሰላም ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ገለጻ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ሰው ከልቡ የሚወደውን ነገር ራሱን የሚያስተዳድርበት፣ ሌሎችን የሚጠቅምበት፣ ከእርሱም ዕድሜ አልፎ የሚዘልቅ ሥራ የሚያደርገው በምን መንገድ ነው?

ለዚህ ጥያቄ የማበረታቻ መጻሕፍት አጭር መልስ አላቸው። «የምትወደውን ተከተል፤ ገንዘቡ ይከተልሃል» ይላሉ። ይህን ምክር በዚህ አዳራሽ እንዳለ መድገም ግን ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። ከመካከላችሁ በሬ ተሽጦለት የሚማር አለ። ታላቅ እኅቱ ከዐረብ አገር በምትልከው ገንዘብ የሚማር አለ። ደቡብ ወሎ ልጆቹን ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲሸኝ የኖረ ምድር ነው፤ የጦርነት ዓመታትም የብዙ ቤተሰቦችን ጥሪት አሟጠዋል። እንዲህ ካለ ቤት ለወጣ ወጣት የተሳሳተ ምክር የሚያስከፍለው ዋጋ ትልቅ ነው፤ ከአንድ ኪሳራ በኋላ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላልና።

በሌላ ወገን «ዝንባሌህን እርሳው፤ ያገኘኸውን ሥራ ያዝ» ማለትም በቂ መልስ አይሆንም። የመንግሥት ሥራ ለሁሉም ተመራቂ አይበቃም፤ ያለ ፍቅር የተያዘ ሥራም የመጀመሪያው ችግር ሲመጣ ይጣላል። ስለዚህ ሁለቱንም ሳንጥል ማስታረቅ አለብን። የማቀርብላችሁ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ዝንባሌ ዘር ነው። ዘሩ ፍሬ የሚሰጠው ሦስት ነገሮችን ሲያገኝ ነው፤ መፍትሔ የሚሻ የሌላ ሰው ችግር፣ እውነተኛ ሒሳብ፣ እንዲሁም መሥራቹ ባይኖርም ሥራውን የሚያስቀጥል ተቋም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሚሆነውን ከራሳችን ታሪክ አሳያችኋለሁ።

ስለ ቃሉ

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። ፈረንጆች «ፓሽን» የሚሉት ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ የጥንት ፍቺውም መከራን መቀበል ነው። የክርስቶስን መከራ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ሲሆን፣ እኛ «ሕማማት» ከምንለው ጋር ይገጥማል። ዛሬ ግን ቃሉ ደስ የሚያሰኝ ነገርን ሁሉ ለመጥራት ስለሚያገለግል የድካሙ ትርጉም ተዘንግቷል። በአማርኛ «ዝንባሌ» ስንል ደግሞ አንድ ሰው ልቡ ወደ ወዴት እንዳዘነበለ መናገራችን ነው። ማዘንበል መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ያዘነበለው ልብ በልምምድ፣ በስሕተትና በዓመታት ብዛት ሲጠነክር «ሙያ» እንለዋለን።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። «ምን ደስ ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ ለአንድ ከሰዓት በኋላ መዝናኛ ይበቃል። ሥራ ለመምረጥ ግን «ድካሙን ልሸከምለት የምፈቅደው ነገር የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሙዚቃ መስማት የሚወድ ብዙ ነው፤ አንዱን ቅኝት ለወራት ደጋግሞ ለመለማመድ የሚፈቅድ ግን ጥቂት ነው። ማር የሚወድ ሁሉ ቀፎ ፊት ለፊት ለመቆም አይደፍርም።

ይህን የሚደግፍ ጥናትም አለ። ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክና ግሪጎሪ ዋልተን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስለ ዝንባሌ ያላቸውን እምነት በሁለት ከፍለው ተመልክተዋል። አንዳንዶች ዝንባሌ በውስጣችን ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን፣ ፈልገን የምናገኘው ነገር እንደ ሆነ ያምናሉ። ሌሎች ዝንባሌ እየተኮተኮተ የሚያድግ ነው ይላሉ። ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎቹ ስለ ሕዋ አንድ ማራኪ ፊልም ካሳዩአቸው በኋላ በዚያው ርእስ ላይ ከባድ ጽሑፍ እንዲያነብቡ ሰጧቸው። ጽሑፉ ሲከብዳቸው ፍላጎታቸው ይበልጥ የወደቀው «ዝንባሌ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነው» ብለው የሚያምኑት ነበሩ። ነገሩ ሲከብዳቸው «ይህ የእኔ አይደለም ማለት ነው» ብለው ይደመድማሉና። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ትምህርት ስለ ከበዳችሁ ብቻ ዝንባሌያችሁ አይደለም ብላችሁ አትፍረዱ።

አንደኛው መመዘኛ፦ የማንን ችግር ይፈታል?

ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ተወልደው ያደጉት በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ነው። በዚያ ሰፈር ጥጥ መፍተል፣ መሸመንና በእጅ መሥራት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራ ግን አልነበራቸውም። የሒሳብ አያያዝ የተማሩት ወይዘሮ ቤተልሔም እ.ኤ.አ. በ2004 «ሶልሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት በጥቂት ሠራተኞች ጀመሩ። መነሻቸው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ። ያንን ሶል ይዘው በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጨርቅ ጋር በማጣመር የውጭ አገር ገዥ የሚፈልገውን ጫማ ሠሩ። ድርጅቱ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን ዕውቅና አገኘ፤ ምርቱንም በኢንተርኔትና በልዩ ልዩ አገሮች በተከፈቱ ሱቆች ሸጠ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። በረባሶ ለብዙ ዘመን የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እርሳቸው ያዩት ግን በውስጡ ያለውን ዕውቀት ነው። ሁለተኛም የእጅ ሥራ ፍቅራቸው ብቻውን ድርጅት አላቆመም። በአንድ ወገን ሥራ ያጣ ባለሙያ ነበረ፤ በሌላ ወገን በእጅ የተሠራና አካባቢን የማይጎዳ ጫማ የሚፈልግ ገዥ ነበረ። የእርሳቸው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድልድይ መዘርጋት ሆነ። የሥራ ፈጠራ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የራስን ፍቅር ከሌሎች ፍላጎት ጋር ማገናኘት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከወሎ ምድር ይነሣል። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም መጡ። በዚያ ወቅት በወሎ ረኃብ ነበረ። በመንገድ ያዩትን መከራ አይተው እንዳላዩ ማለፍ አልቻሉም፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በቤታቸው የሚያድጉት ልጆች ከ20 አለፉ። ይህ ውሳኔ ትዳራቸውንና የተደላደለ ኑሯቸውን አስከፈላቸው። ያቺ የሁለት ሕፃናት ቤት ግን ውሎ አድሮ በስማቸው የሚጠራ፣ ሕፃናትን የሚያሳድግና የሚያስተምር ማኅበር ሆነች። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ሥራው አብሯቸው አልተቀበረም።

ስለ ወይዘሮ አበበች ሲነገር ርኅራኄያቸው ብቻ ይነሣል። ከዚያ በፊት የቡናና የእህል ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው መሥራታቸው ግን እምብዛም አይታወስም። ልጆቹን ያሳደጉት በዕንባ ብቻ ሳይሆን ምግብ አዘጋጅቶ በመሸጥና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ በመሥራትም ነው። ርኅራኄ መነሻቸው ነበረ፤ ያቆየው ደግሞ የንግድ ዕውቀታቸው ነው። ይህ ወደ ሁለተኛው መመዘኛ ይወስደናል።

ሁለተኛው መመዘኛ፦ እውነተኛ ሒሳብ

የዚህን አካባቢ ደጋ ተመልከቱ። በግ አለ፤ ጠጉሩ አለ፤ ጠጉሩን በእንዝርት የምትፈትል እናት አለች፤ ባና የሚሠራ ሸማኔ አለ። ባና የደጋውን ብርድ ያሸነፈ፣ ለዓመታት የሚያገለግል ልብስ ነው። አሁን አንድ ወጣት ይህን ሥራ ወድዶ ሊይዘው ፈለገ እንበል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ወጣቱ ጠጉር በ1,200 ብር ይገዛል። ለፈታይዋ 1,000 ብር ይከፍላል። ለመጓጓዣና ለዕቃ እድሳት 300 ብር ያወጣል። ድምሩ 2,500 ብር ነው። ባናውን በገበያ በ3,500 ብር ሲሸጥ «1,000 ብር አተረፍሁ» ይላል። ነገር ግን ባናውን ለመሥራት 5 ቀን ፈጅቶበታል። በዚያው 5 ቀን የቀን ሥራ ቢሠራና በቀን 400 ብር ቢከፈለው 2,000 ብር ያገኝ ነበር። የራሱን ድካም በሒሳቡ ውስጥ ካስገባን ወጪው 4,500 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ 1,000 ብር ከሰረ እንጂ አላተረፈም።

ሒሳቡ ከዚህም የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጠጉሩን የፈተለችው እናቱ ወይም ሚስቱ ከሆነችና ክፍያ ካልተሰጣት ወጣቱ 2,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ከዚያ ግማሹ ግን የእርሷ ያልተከፈለ ድካም ነው። በብዙ ቤት «ትርፍ» የምንለው የሴቶች ያልተጻፈ ደመወዝ ነው። እርሷ በታመመች ወይም ወደ ሌላ ሥራ በሄደች ዕለት ንግዱ ይቆማል። እንዲህ ያለ ንግድ ሲፈርስ ሰዎች «ገበያው ጠፋ» ይላሉ፤ ሒሳቡ ግን ከመጀመሪያው አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት ወጣቱን ከሽመና ለማስወጣት አይደለም። እውነተኛው ቁጥር ሲታይ መውጫው መንገድም ይታያል። መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ጊዜን ማሳጠር ነው፤ የተሻለ የሽመና ዕቃ 5ቱን ቀን ወደ 3 ቢያወርድለት በእኛው ምሳሌ ወጪው 3,700 ብር ይሆንና ኪሳራው ወደ 200 ብር ይወርዳል። ሁለተኛው ምርቱን መለወጥ ነው፤ ከዚያው ጠጉር ምንጣፍ፣ የትራስ ልብስ ወይም ቦርሳ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛው ገዥውን መለወጥ ነው፤ ለብርድ መከላከያ ብቻ የሚገዛው ሰው ባናውን ከውጭ ከሚመጣው ርካሽ ብርድ ልብስ ጋር ያወዳድረዋል፤ ለእንግዶቹ የአገር ሥራ ማሳየት የሚፈልግ ሆቴል ግን ሌላ መመዘኛ አለው። ሦስቱም መንገዶች የሚገለጡት ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው።

በክልላችን ያለ ሌላ ምሳሌ ይህን ያጠናክራል። በፎገራ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ መሥራችነት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። መነሻው የኑሮ እምነት ነበር፤ የወንድና የሴት እኩልነት፣ ሐቀኝነትና የሥራ ክቡርነት። እምነቱ ግን ብቻውን እንጀራ አልሆነም። ማኅበረሰቡ በእጁ ያለው መሬት ጥቂት ስለ ሆነ ሽመናንና ወፍጮን የገቢ ምንጩ አደረገ። ሽመናውም ወንድና ሴት አብረው የሚሠሩት ሥራ በመሆኑ እምነቱና ገቢው እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ። ዓላማ ያለው ሥራ የምንለው ይህን ነው፤ ገቢውን ለማግኘት ዓላማውን መጣል የማያስፈልግበት ሥራ።

የንቀት ዕዳ

ሸማኔው የራሱን ድካም በሒሳብ ውስጥ የማያስገባው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ኅብረተሰቡ ድካሙ ዋጋ እንደሌለው ለብዙ ዘመን ስለ ነገረው ነው። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ» እያልን ኖረናል። የምንቆርስበት ቢላ፣ የምንለብሰው ሸማ፣ ወጣችንን የምናበስልበት ድስት ከእጃቸው የወጣ ሆኖ ሳለ ስማቸውን ስድብ አደረግነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ይህ ልማድ አገሪቱን እንደሚጎዳ በመገንዘብ ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ግን ልጁ ዲግሪ ይዞ ወደ ሽመና ወይም ወደ ሸክላ ቢመለስ የሚያፍር ወላጅ አለ።

ለወላጆች አንድ ነገር በአክብሮት ልበል። ልጃችሁ የአባቱን ወይም የአያቱን ሙያ በተማረው ትምህርት ላሻሽለው ቢላችሁ የተማረው ከንቱ አልሆነም። የጎደለው ሒሳብ፣ ገበያና የጥራት ቁጥጥር የሚገኘው ከዚያው ትምህርት ነው። ባለ እጁ ያለ ትምህርት፣ ምሩቁም ያለ ሙያ ለብቻቸው ሲቆሙ ሁለቱም ይደኸያሉ።

ሦስተኛው መመዘኛ፦ ያለ ባለቤቱ የሚቆም ተቋም

ወደ ሦስተኛው መመዘኛ ስንመጣ ከዚህ አካባቢ የበለጠ ምስክር የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በአገራቸው እንዲሠራ የነበራቸውን ጽኑ ፍላጎት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት አውሮፓውያን የሚሲዮን ባለ እጆችን ሰበሰቡ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከእነርሱ አንዱ ነበር። ባለ እጆቹ መድፍ የመሥራት ልምድ አልነበራቸውም። ሙከራው ደጋግሞ ከሸፈ፤ በመጨረሻም ሠመረ። እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ከዚያም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መንገድ እየጠረገ፣ ገደል እየቆረጠ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ እስከ መቅደላ አደረሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ በመንገዱ ሥራ ይደክሙ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ፍቅር፣ ድካምና ጽናት አንድ ላይ የታዩበት ታሪክ ከዚህ በላይ አይገኝም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። የጋፋት የብረት ሥራም አብሮ ቆመ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ሁለተኛውን መድፍ የሚሠራ ግን አልተገኘም።

ይህን የማነሣው የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ለመንካት አይደለም፤ የነበሩበት ጦርነትና የዘመኑ ሁኔታ ጊዜ አልሰጣቸውም። ከሥራ አመራር አንጻር የሚታየው እውነት ግን ግልጽ ነው። ዕውቀቱ በጥቂት የውጭ ሰዎች እጅ ነበረ፤ ፈቃዱና ኃይሉም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ። ዕውቀቱ ወደ ብዙ ተማሪዎች እጅ አልተሻገረም። የሠራነው ነገር ከእኛ በኋላ ሊቆይ ይችላል፤ የመሥራት ችሎታው ካልቆየ ግን የቀረው ሐውልት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ እናነጻጽር። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አሸንፏል። የሩጫ ፍቅሩን በራሱ እግር ላይ ብቻ ቢያስቀምጠው ኖሮ እግሩ ሲደክም ያበቃ ነበር። ነገር ግን ገና ሯጭ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲመሠረት ቀዳሚ ሆነ። ኃይሌ ከውድድር ከተሰናበተ በኋላም ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ የአዲስ አበባን አደባባዮች ይሞላል። የአንድ ሰው ፍቅር አዘጋጅ፣ ደንብ፣ ስፖንሰርና የዘመን መቁጠሪያ ያለው የሕዝብ በዓል ሆነ።

«ተቋም» ሲባል የውጭ አገር ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። የወሎ ሰው ግን ተቋም ለመመሥረት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ቅሬ አለውና። ቅሬ ዳኛ አለው፤ መዋጮ አለው፤ ደንብ አለው፤ ለቀረ ሰው መቀጮ አለው። ሀብታምና ድሀ በእኩል ይቀበርበታል። ከሁሉ በላይ፣ ቅሬው መሥራቾቹን ራሱ ቀብሮ ይቀጥላል። ንግዳችን ይህን ባሕርይ ቢይዝ ግማሹ ችግራችን በተፈታ ነበር። ለሞታችን ያቆምነውን ሥርዓት ለሥራችንም ማቆም አያቅተንም።

ስለ መሪነት

የጀማሪ ባለሙያ ትልቁ ፈተና የሚመጣው ሥራው ሲሳካ ነው። እስከዚያ ድረስ የእርሱ እጅ ከሁሉ የተሻለ ነበር። ሠራተኛ ሲቀጥር ግን የሌላው እጅ እንደ እርሱ ስለማይሆን ይቆጣል፤ ዕቃውን ነጥቆ ራሱ ይሠራዋል። ሠራተኛው አይማርም፤ ባለቤቱም አያርፍም። እንዲህ ያለው ድርጅት የሚያድገው ባለቤቱ በቀን ውስጥ ባሉት ሰዓቶች ልክ ብቻ ነው።

ሮበርት ቫለራንድ የተባሉ የካናዳ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ትንታኔ ለሥራ ያለን ፍቅር ሁለት መልክ እንዳለው ገልጸዋል። አንደኛው ሰውየው የሚገዛው ፍቅር ነው፤ ከቤተሰቡ፣ ከጤናውና ከሌላው ኑሮው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ሁለተኛው ሰውየውን የሚገዛ ፍቅር ነው፤ ማቆም ባለበት ጊዜ እንዳያቆም ያስገድደዋል። በሁለተኛው የተያዘ መሪ ትችትን እንደ ስድብ ይቆጥራል፤ ተተኪውንም እንደ ተቀናቃኝ ያያል።

በ«ሙያ በልብ» አባባላችን ውስጥ ያለው ጥበብና አደጋም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አባባሉ ትሕትናን ያስተምራል፤ ያወቅኸውን አትደንፋበት፣ በሥራህ አሳየው ይላል። ነገር ግን ሙያውን በልቡ ብቻ ይዞ ለልጁ እንኳ ሳያሳይ የሞተ ባለ እጅ ስንት ነው? መድኃኒት ዐዋቂው፣ ቀለም በጥባጩ፣ ብራና ዳማጩ ምሥጢሩን ይዞ ሲያልፍ አገር ይደኸያል። መሪ የሚሆን ባለሙያ በልቡ ያለውን ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚያሻግር ነው። ስለዚህ ሦስት ግዴታዎች አሉት፤ የጥራት ልኩን በግልጽ ማስቀመጥ፣ ሌላው ሰው እየተሳሳተ እንዲማር መታገሥ፣ ገቢና ወጪውን ለሥራ ባልደረቦቹ ሳይደብቅ ማሳየት።

ከነገ ጀምሮ

ንግግሬን በተግባር ነጥቦች ልቋጭ። ተማሪ ሳላችሁ፣ ገንዘብም ሳይኖራችሁ፣ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ።

በመጀመሪያ ዝንባሌያችሁን በትንሽ ዋጋ ፈትኑት። ንብ ማነብ የሚወድ ሰው ብድር ከመውሰዱ በፊት ቀፎ ካለው ገበሬ ጋር አንድ የአበባ ወቅት ይሥራ። ቦረና ሳይንትን የመሰለ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ብሔራዊ ፓርክ በአቅራቢያችን አለ፤ አስጎብኚነት የሚያምረው ሰው አስቀድሞ ዕፀዋቱንና አራዊቱን በስማቸው ይወቅ፤ በብርዱ ውስጥ ይዋል። ድካሙን ካየ በኋላም ፍቅሩ ካለ ያን ጊዜ ቁም ነገር ነው።

ቀጥሎም ከመሥራታችሁ በፊት አሥር ገዥ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎችን ጠይቁ። «ሐሳቤ እንዴት ነው?» አትበሏቸው፤ ከይሉኝታ የተነሣ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል። ይልቁንስ «ባለፈው ለዚህ ነገር ስንት ከፈልህ? ምኑ አስቸገረህ?» በሏቸው። ያለፈ ክፍያ ከወደፊት ተስፋ ይልቅ እውነት ይናገራል።

ከዚያም የደብተር ሒሳብ ያዙ። የራሳችሁንና የቤተሰባችሁን ድካም ዋጋ ሰጥታችሁ ጻፉ።

ሕጉንም ዕወቁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ በቀድሞው የ1952 ዓ.ም. ሕግ ይህ አልነበረም። ጥቅሙ የድርጅቱ ዕዳ በመርሕ ደረጃ ከቤታችሁ ንብረት መለየቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ የሚሆንበትን ሥርዓት ዘርግቷል፤ ከብት፣ ማሽንና የተከማቸ ምርት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቤት ለሌለው ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መያዣ የሆነ በግ ሊወሰድ የሚችል በግ መሆኑን አትርሱ፤ ስለዚህ ብድር የሚወሰደው ሒሳቡ ከተፈተነ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ አንድ ሰው አስተምሩ። «እኔ ለሦስት ወር ብታመም ይህ ሥራ ይቀጥላልን?» የሚለውን ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ጠይቁ። መልሱ «አይቀጥልም» ከሆነ ጥሩ ሥራ ይዛችኋል፤ ድርጅት ግን ገና አላቆማችሁም።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ይህ ደጋ ፍቅርና ጽናት ጎድሎት አያውቅም። የጎደለው ፍቅሩን ከገበያ ጋር የሚያገናኝ፣ ድካሙን በሒሳብ የሚያከብር፣ ዕውቀቱንም ለተተኪ የሚያወርስ ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት የሚያቆመው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው አይሆንም። ከእናንተ መካከል ከበሬው ሽያጭና ከእኅቱ ላብ የመጣውን ትምህርት ይዞ፣ የእናቱን እንዝርት ሳይንቅ፣ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን የሚሠራው ሰው ነው።